የሐምሌ ዝናብ አይሞቅም

ትናንት ጠዋት የልጄ ልጅ ሳምሪ ከሲ.ኤም.ሲ ደወለችልኝ። ወሯ ገብቷል። ስልኳ ላይ ምጥ የሚቆጥር ነገር ጭናለች፤ ያም ሆኖ እኔን ትጠይቃለች። «እማማ፣ ምጥ መሆኑን አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እኔ መች አወቅሁ! ያወቁልኝ ሌላ ሰው ናቸው» አልኳት።

ወሬ በመውደድ በእኔ ነው የወጣችው። «ንገሪኛ!» ብላ ያዘችኝ። ሽንኩርት መክተፌን ትቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት።

ያኔ የምንኖረው ቀበና ወንዙ አጠገብ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ስለነበር ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጅማ ተልኮ፣ እኔ የመጀመሪያ ልጄን በሆዴ ይዤ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። እናቴ ታናሼን ስትወልድ «ነገ ይሻላታል፣ ነገ ይሻላታል» እየተባለ ቤት ውስጥ ነው ያለፈችው፤ ልጁም አልተረፈ። ስለዚህ ስለ ምጥ የማውቀው ሰው እንደሚገድል ብቻ ነበር። እንዴት እንደሚጀምር የነገረኝ የለም። ጎረቤት ብጠይቅ «ሲመጣ ታውቂዋለሽ» ብላኝ ወደ ድስቷ ዞረች። ሲመጣ ታውቂዋለሽ! እንግዳ ነው እንዴ በር አንኳኩቶ የሚገባ?

የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ በላይነሽ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ከካኪ ኮታቸው የማይለዩ ሴት ናቸው። ሲስቁ ያየ የለም። ስብሰባ ላይ አፌን መያዝ ስለማይሆንልኝ ስሜን ትተው «አንቺ ወሬኛ!» ነበር የሚሉኝ። የሰፈሩ ሰው ኮቴያቸውን ሲሰማ ድምፁን ይቀንሳል። እኔም እፈራቸው ነበር፤ እንዴት አልፈራ!

በዚያ ሐምሌ እንጦጦ ላይ ችግኝ ተከላ ተጠራን። እርጉዝ አይገደድም ተብሏል፤ ግን የቀረ ሰው ስሙ እንዴት እንደሚነሳ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ብቻዬን ቤት መዋል አስጠልቶኝ ነበር። የባቄላ ንፍሮዬን በልቼ ወጣሁ። ችግኝ የጫነው መኪና መንገዱ እስከሚያስኬደው አደረሰን፤ ከዚያ በላይ በእግር ነው። እንጦጦ ማርያም በጉም ተሸፍና አትታይም። መሬቱ ያንሸራትታል። ዝናብ የነካው የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫዬን ይሰነፍጠኛል፤ ዛሬም ጉንፋን ይዞኝ ቅጠሉን ስታጠን ያ ዳገት ይመጣብኛል።

ሴቶቹ አዝነውልኝ ቁጭ ብዬ ችግኙን ከላስቲኩ እንዳላቅቅ አደረጉኝ። ሰሞኑን ሆዴ ወደ ታች ወርዶ ትንፋሼ ቀለል ብሎኝ ስለነበር፣ ጭራሽ ደህና ሆንኩ ብዬ ደስ ብሎኛል። ትንሽ እንደቆየሁ ወገቤን ያዝ አደረገኝ፤ ወደ እምብርቴ ዞረና ለቀቀኝ። ንፍሮው ነው አልኩ። ደግሞ ያዝ፣ ደግሞ ለቀቅ። ከጎኔ ለተቀመጠችው ለጎረቤቴ ለአስካለ ወሬ ይዤ ነበርና፣ ሲይዘኝ ከንፈሬን እነክሳለሁ፣ ሲለቀኝ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ቀና ስል ጓድ በላይነሽ ያዩኛል፤ አካፋቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። አበቃልኝ፣ በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ዝናቡ ባሰ። ያኔ በጭኖቼ መሃል አንድ ነገር ወረደ። ቀሚሴ ቀድሞም በስብሶ ስለነበር ዝናብ ነው ብዬ ተውኩት።

«አንቺ ወሬኛ! ተነሺ!»

ተነሳሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጓድ፣ ሁለተኛ አላወራም።»

«ስለ ማውራትሽ ማን ጠየቀሽ? ለምንድነው ዝም የምትይው?»

አካፋቸውን ጥለው ቀረቡኝ።

«ታወሪያለሽ፣ ታወሪያለሽ፣ ከዚያ ቃሉን ከመሃል ቆርጠሽ ዝም! አሁን አሁን ደግሞ ዝምታሽ ተቀራረበ። እኔ አንቺን ዝም የሚያሰኝ ነገር አጥቼ ነው የኖርኩት።» የቀሚሴን ጫፍ በእጃቸው ጨበጥ አደረጉት። «ይኼስ?»

«ዝናብ ነው።»

«የሐምሌ ዝናብ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሞቀው? የእንሽርት ውሃሽ ነው፤ ምጥ ላይ ነሽ አንቺ ልጅ!»

እናቴ ትዝ አለችኝና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ልሞት ነው?» አልኳቸው። ፊቴን ጭቃ በነካው እጃቸው ያዙት። «እኔ ቆሜ? ማን ፈቅዶልሽ!» አሉኝ።

ሾፌሩ ገና ችግኙ ተራግፎ ስላላለቀ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ አልልም አለ። «ፈቃዱ እኔ ነኝ! ከነችግኙ ንዳ!» እንዴት እንደጮኹበት! ስንፈራው የኖርነው ያ ድምፅ አሁን ለእኔ ብሎ ጮኸ። ከነችግኙ ነዳ። እኔ ጭናቸው ላይ ጋደም ብያለሁ። ሴቶቹ ከብበውኝ አቀርቅረዋል። ምጥ በያዛት ሴት ዙሪያ ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል፤ ግን በሊቀመንበሯ ፊት ማን ይጀምረው? ጠዋት መፈክር ሲያሰሙን የነበሩት ጓድ በላይነሽ ራሳቸው ወደ ጉሙ ቀና አሉና «ማርያም! ማርያም! ማርያም!» አሉ። ሌሎቹ ከአፋቸው ነጥቀው ተቀበሏቸው። መኪናው እስከ ቀበና ድረስ ማርያምን እየጠራ ወረደ።

ጤና ጣቢያ እንደገባን ወዲያው ተገላገልኩ። ልጄ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ጠቁራ ወጣች። አዋላጇ ፈጥና ፈታችላት፤ ልጅቷም ካስጨነቀችን በኋላ አለቀሰች። «ተራራው ላይ ቆይታችሁ ቢሆን…» ብላ አዋላጇ አልጨረሰችውም። ጓድ በላይነሽ «አብዮት በያት» ብለው ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው፣ አልሰማኋቸውም፤ ለምለም አልኳት፤ የሳምሪ እናት ናት። በማግስቱ ገንፎ ይዘው መጡ። በሩን ዘጋ አድርገው በሹክሹክታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ።

መንግሥት ሲለወጥ ታሰሩ። ልጆቻቸው በቀበሌ የተወሰዱባቸው እናቶች ስለ እሳቸው የሚሉት ሌላ ነው፤ እውነታቸውን ነው፣ አልከራከራቸውም። እኔ ግን ለምለምን አስከትዬ ስንቅ አመላለስኩላቸው፤ ሲሞቱም ቀበርኳቸው። የሁለት ነፍስ ውለታ አለብኝ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ሳምሪ ትስቃለች፣ ትጠይቃለች፣ ስለ ሕፃኑ አልጋ ቀለም ሳይቀር ታወራለች። «እና ጓድ በላይነሽ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ኔትወርክ መሰለኝ። ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ቆመች። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ኔትወርክ ደግሞ አይተነፍስም።

«ሳምሪ፣ ባልሽን ጥሪ» አልኳት።

«እንዴ እማማ! ስልኩ እኮ ገና ነው የሚለው።»

«ስልኩ የት ያውቅሻል? ተነሺ!» አልኳት፤ ድምፄ የማን ድምፅ እንደሆነ ለራሴው ገረመኝ። ነጠላዬን አንስቼ ማርያም ማርያም እያልኩ ወጣሁ።

አመሻሹ ላይ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት፤ ከመውጣቷ ዋርድ ሙሉ ሰው የሚያስደነግጥ ጩኸት ለቀቀችው። የጓድ በላይነሽ ውለታ ያለብን አሁን አራት ሆንን።