እምቢ የሚልላት ሰው

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብሎ የተረተው ሰው ባሕር ማዶ ሜስኪት ከተማ የምትኖረውን እማዋይሽን አላያትም። ባሏ መኳንንት ኤርፖርት መንገደኛ አድርሶ ሲመለስ እዚያው መኪናው ውስጥ ልቡ ቆመ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቀበረችው፣ ቀጥ ብላ ለቀስተኛ ተቀበለች፣ በአሥረኛው ቀን የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ላውንድሪ ገብታ አንሶላ ማጠፍ ቀጠለች። ሐዘኑ ጠፍቷት አይደለም፤ ደንዝዛ ነው። ብትቆነጥጧት እንኳ «ምነው?» የምትል አልነበረችም።

ደንዝዛም ግን አንድ ቃል አልጠፋትም፤ «እሺ» የምትለዋ።

ድሮም የእማዋይሽ ችግር ይኼው ነው። እናቷ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያሉ አሳደጓት፣ ይሉኝታ አጥንቷ ድረስ ገባ። ሠላሳ ዓመት ያዳናት መኳንንት ነው። ብድር ጠያቂ ሲመጣ፣ ዕቁብ ግቢ ሲሏት፣ የሦስት ቀን እንግዳ ሦስት ወር ልክረም ሲል፣ «መኳንንትን ልጠይቀው» ትላለች። በማግስቱ «መኳንንት አልፈቀደም» ትላለች፤ አለቀ። የከተማው ሐበሻ ሁሉ መኳንንትን ገብጋባ እያለ አማው። እሱ ይስቃል። «እኔን ይሙኝ፣ አንቺ እንቅልፍሽን ተኚ» ይላታል።

አሁን ማንን ትጠይቅ? ልጅ እንኳ አልወለዱም።

መኳንንት ለካ ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ ትቶላት ኖሯል። ወሬው ከቼኩ ቀድሞ ደረሰ። አርባው ሳይወጣ የባሏ ታናሽ ወንድም ፍቅሩ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና፣ «እትዬ፣ የሚሸጥ ጋዝ ስቴሽን፣ ነዳጅ ማደያ፣ አለ። ከእኔ የቀረችውን አንቺ ከሞላሽልኝ አብረን እንይዘዋለን» አላት። «እሺ» አለች። ጓደኛዋ አሰለፈች ሬስቶራንት ልትከፍት ነው፤ እሺ። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቷ ልጅ ኮንዶሚኒየም አገኘሁልሽ አለች፤ እሺ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ይኼን ልብ በሉልኝ። የሰው ገንዘብ ሲያይ ሁሉም አዋቂ ይሆናል እንጂ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ አንዲት ልጅ ኮል አደረገች። ሐሴት እባላለሁ፣ የአቶ መኳንንት ፋይናንሻል አድቫይዘር ነበርኩ፣ ሐሙስ መምጣት ይችላሉ ወይ አለቻት። እማዋይሽ ባሏ የገንዘብ አማካሪ እንደነበረው ሰምታም አታውቅም። አዎ፣ ገምታችኋል፤ «እሺ» አለች።

ሐሙስ ሌክ ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር ሄዳ ቢሮው በር ላይ ፓርክ አደረገች። ሐሴት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አንቱታው አፏ ላይ እየተሰበረ፣ «እርስዎ ውሃ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ከዚያ ባዶ ወረቀት አወጣች። «ሶ፣ ማለቴ፣ እስካሁን ለማን ለማን እሺ አሉ?»

እማዋይሽ አንሶላ እንደምትቆጥር ቆጠረችላት። ፍቅሩ መቶ ሃምሳ ሺህ። ኮንዶሚኒየሙ ሰማንያ። አሰለፈች አርባ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ማሠሪያም ሠላሳ። ሐሴት ደመረችና ወረቀቱን አዞረችላት፤ ሦስት መቶ ሺህ። የሌላትን ሃምሳ ሺህ ጨምራ ቃል ገብታ ኖሯል።

«ወይ ጉድ» አለች፣ የጎረቤት ጉድ የሰማች ያህል።

ሐሴት ሳትቸኩል አስረዳቻት። የቤቱ ዕዳ መቶ ሃያ ሺህ ነው፤ እሱ ይዘጋ። የቀረው ሳይነካ ይቀመጥ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስልሳ ሲሞላት የመኳንንት ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ጡረታው፣ ይጨመርበታል፣ ያን ጊዜ ወገቧን የጨረሰውን ላውንድሪ ታቆማለች። ገንዘቡ ጋዝ ስቴሽኑ ውስጥ ገብቶ ከከሰረ ግን ቤቷም አብሮ ይሄዳል።

«ገባኝ» አለች እማዋይሽ። «ግን እሺ ብያለሁ፣ ነገ ነው የምንፈርመው። ባሌን አብሮኝ የቀበረን ሰው በምን አፌ እምቢ ልበለው?»

ሐሴት ወደ መሳቢያው ዞረች። ፋይል ከፍታ የዛሬ ሁለት ዓመት መኳንንት የሞላውን ፎርም ፊቷ አደረገችላት። «ግብዎ ምንድን ነው?» የሚል ቦታ አለው። ሌላው ሰው ጡረታ፣ የልጅ ኮሌጅ ይልበታል። መኳንንት በዚያ በተንጋደደ እጅ ጽሑፉ በአማርኛ ሞልቶታል።

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ አባቴ ነው ያነበበልኝ» አለች ሐሴት።

እማዋይሽ አነበበች። «ባለቤቴ እምቢ ማለት አይሆንላትም። እስከ ዛሬ እኔ ስልላት ኖሬአለሁ። ከእኔ በኋላ እምቢ የሚልላት ሰው ይኑራት። ገብጋባ ቢሏችሁ ቻሉት።»

ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛውን ስትጀምር ስልኳ ጠራ፤ ፍቅሩ ነው።

«እኔ ላናግረው? ሥራዬ ነው» ብላ ሐሴት እጇን ዘረጋች። እማዋይሽ ግን ራሷ አነሳችው።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ነው፣ እንዳትረሺ!»

«አይሆንም፣ ፍቅሩ። አልፈቀደም።»

«ማን ነው ያልፈቀደው?»

«መኳንንት» አለችው።

እማዋይሽ ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የት እንደገባ ያልታወቀው እንባዋም ያኔ መጣ። ሐሴት ሶፍቱን ገፋ አድርጋ አቀረበችላት።