የወንዝ ላይ ገበያ ካርድ

እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ እኔን አስታውሱኝ። ነገሌ ቦረና አስተማሪ ሳለሁ፣ ወደ ሊበን ወረዳ ከብት ሊከትብ የመጣ እንግሊዛዊ ሐኪም ጎረቤቴ ነበር። አንድ ጠዋት ያረጀ ካርድ አሳየኝ። ዙሪያው ጥቁር ሐረግ ነው፤ መሀሉ ላይ የቤተሰቡ ስም፣ ከሥሩ «ወንዝ» እና «በረዶ» የሚሉ ቃላት በእንግሊዝኛ ታትመዋል። አፉ ይፈጥናል፤ ከተናገረው ሁሉ የያዝኩት «ፋዘር» የሚለውን ብቻ ነው። ከታች የታተመውን ዓመተ ምሕረትማ ማን አየ!

«የሐኪሙ አባት ወንዝ ላይ በረዶ ገድሏቸው መርዶ መጥቶለታል» ብዬ ለጎረቤታችን ለሻምበሉ ሚስት ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሐኪሙን ግቢ ሞላው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ጠራኝ። መርዶውን ብነግረው ካርዱን አምጥቶ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ እያለ አስረዳኝ። ለካ ድሮ በአገራቸው ወንዙ በብርድ ሲረጋ ላዩ ላይ ገበያ ይቆም ነበር። አታሚዎችም ማተሚያቸውን እዚያው በረዶው ላይ ተክለው፣ የገበያተኛውን ስም ለማስታወሻ እያተሙ ይሸጡ ነበር። ይሄኛውን የገዙት ቅድመ አያቱ፣ «ግሬት ግራንድፋዘሩ» ናቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ምን ይላል መምህር? ንገረን እንጂ!» ይሉኛል። እኔ እውነቱን መናገር አፍሬ ካርዱን አገላብጣለሁ።

ሐኪሙ ግን ነገሩ ሲገባው ሳቁ አመለጠው። ለቀስተኛውን ሊያጽናና፣ ሰላም ነው ለማለት በሚያውቃት አንዲት የኦሮምኛ ቃል «ናጋ! ናጋ!» እያለ እየሳቀ ወደ መሀል ገባ።

«ኧረ ያዙት!» ብለው ጮኹ እትዬ አስካለ። «ሐዘኑ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ!»

አንዱን ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።