ብሎኖቹን የት አስቀመጡ?

ሐዴራ ከተማ፣ የኢንዱስትሪ ሠፈር ውስጥ፣ ሞተር ከሚታደስበት ወርክሾፕ የገባሁት ወለል ልጠርግ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ አልበር መጥረጊያውን ከእጄ ወስዶ ብሩሽ ሰጠኝ። «ወለሉ ይቆይ። ይህን እጠቢ» አለኝ። ዘይት የጋገረበት ከባድ ብረት ነበር። እዚህ በዕብራይስጥ «ሮሽ» ይሉታል፤ የእኛ ሹፌሮች ቴስታታ ይላሉ። በሞተሩ ብሎክ ላይ እንደ ክዳን የሚገጠመው፣ ቫልቮቹ የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ሙሉ ቀን አጠብኩት። አልበር ጣቱን በየቀዳዳው አስገብቶ አወጣና ተመለከተው። ንጹሕ ነበር። «ነገም ነይ» አለ።

ሃያ ስምንት ዓመት ሄድኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አራት ልጆች በዚያ ሥራ አደጉ።

ከማጠብ ወደ መለካት አለፍኩ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ አጋድሜ፣ ከሥሩ ብርሃን ያሾልክ እንደሆነ አያለሁ። ካሾለከ ጎብጧል ማለት ነው፤ አልበር በማሽን ይልገዋል። በኋላ ደንበኛ ተቀባይ ሆንኩ። ያገሬ ሰዎች ሲመጡ ማስተርጎሙም የእኔ ሆነ።

አልበር ሞተሩን በራሱ እጅ ፈትቶ የሚመጣን ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «ብሎኖቹን የት አስቀመጥክ?» መካኒክ የሆነ ሰው ካርቶን በስቶ፣ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ሰክቶ ያሳየዋል።

አባባ ታከለ በባሕሩ አጠገብ ባለው ሠፈራችን በጊቫት ኦልጋ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጎንደር ሳሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አንድ ቀን የመኪናቸውን ቴስታታ ፈትተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው መጡ። ባለቤታቸው እማማ ብርቄ ለኩላሊታቸው በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ የሚያመላልሷቸው በዚያች መኪና ነበር።

«ብሎኖቹስ?» አለ አልበር።

አባባ የላስቲክ ከረጢት አወጡ። ብሎኖቹ ተደባልቀዋል፤ የባሕር አሸዋም ተጣብቆባቸዋል።

«ማን ነው መልሶ የሚገጥመው?»

«እኔ ነኛ! እኔ ቴስታታ ስገጥም አንተ አልተወለድክም በይው» አሉኝ።

አልበር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መልካም፣ ንገሪው። ሜዳ ላይ አይገጠምም። አሸዋ ከብሎኑ ጉድጓድ ከገባ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አይጠብቅም። ለመካኒክ ይስጠው።»

አባባ በአባቴ ዕድሜ ናቸው። «ይተዉት» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

«በጥንቃቄ ይግጠሙት ይላል» አልኳቸው።

«እሺ አለ?» አለኝ አልበር።

«እሺ ብለዋል» አልኩት። ቴስታታው ታድሶ ሲያልቅ አባባ ወስደው ሜዳ ላይ ራሳቸው ገጠሙት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሁለቱን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አየኋቸው። እማማ ብርቄ ጭንቅላታቸውን በባላቸው ትከሻ ላይ ጥለዋል። መኪናዋ ከሆስፒታል ሲመለሱ መንገድ ላይ ፈልታ ቆማ ነበር።

ቴስታታው እንደገና ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ማስመሪያውን ሳጋድም ብርሃን አሾለከ። አልበር ለካውና «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ይላጋል። ከዚያ ወዲያ የሚጣል ብረት ነው» አለ። በብሎኖቹ ጫፍ ላይ አሸዋና ዘይት ጋግሯል። አልበር ብሎኖቹን አየ፤ እኔን አየ፤ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ አባባ ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልበር እርስዎ እንዳይገጥሙት ንገሪ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።»

«ምነው?»

«አፈርኩ።»

«አንቺ አፍረሽ እኔ አውቶቡስ ልጠብቅ?»

እማማ ብርቄ ከአልጋቸው ላይ ሳቁ። «ብትነግረውስ ይሰማ ነበር? ጎንደርም ስንት ሞተር ቀቅሏል!»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ፊቴን እያየሽ መናገር ከከበደሽ መሬት እያየሽ ንገሪኝ። ግን ንገሪኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። «እንግዲያው አባባ፣ አሁንም እርስዎ አይግጠሙት። ቴስታታው ከዚህ ሌላ ዕድል የለውም። ከእኛ ጎን ያለው መካኒክ ይግጠመው።»

ቀና ብዬ አላየሁም።

«እኔስ ቆሜ ልይ?» አሉ በመጨረሻ።

«ብሎን ያቀብሉ።»

እሑድ መኪናዋ ተጎትታ መጣች። መካኒኩ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በአየር ነፍቶ አጸዳ። አባባ እኔ የበሳሁትን ካርቶን ታቅፈው አጠገቡ ቆሙ። «ሰባተኛው!» ሲላቸው «ይኸው ሰባተኛው! ቶሎ በላ፣ ሚስቴ እየጠበቀች ነው» ይሉታል። ማክሰኞ እማማ ብርቄ በሰዓታቸው ሆስፒታል ደረሱ። ከዚያ በኋላም አምላክ ዕድሜ በሰጣቸው ዓመታት ሁሉ በዚያችው መኪና ተመላለሱ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን የምጠይቀው እኔ ሆንኩ። ሽማግሌ ሲመጣ ዓይኔን ብሎኖቹ ላይ አድርጌ እውነቱን እናገራለሁ። ያኮረፈ አለ። ያመሰገነም አለ።

ባለፈው ክረምት የራሴ መኪና ውሃ መጨረስ ጀመረች፤ የቴስታታ ችግር እንደሆነ ገባኝ። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ አስቴር «እማ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተሽ አሁን ለሰው ልትሰጪ ነው? በይ፣ ራስሽ ሥሪያት!» አለችኝ።

እውነት ለመናገር አማረኝ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቴስታታ አውቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ያገኘሁት ተፈትቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመኪና ላይ አንድም ቀን ፈትቼ አላውቅም። ከሕንፃው ሥር መኪና የማቆምበት ቦታ ጣሪያ የለውም። ነፋሱ ከባሕር በኩል ነበር። ጣቴን በኮፈኑ ጠርዝ ሳሳልፍ አሸዋ ይዞ ወጣ። ኮፈኑን ዘግቼ ጎታች መኪና ጠራሁ።

«ፈራሽ እንዴ?» አለች አስቴር።

«አልፈራሁም። ብሎን የማስቀምጥበት የለኝም።»

ሞተር ራሳችሁ ልትከፍቱ ስታስቡ የምታውቁትን ብቻ ሳይሆን የምትሠሩበትንም ቦታ እዩ። ንጹሕና የተከለለ ቦታ ካላችሁ፣ በመኪናዋም የሚመላለስ በሽተኛ ከሌለ፣ ሞክሩ። አለዚያ ለሚችል ስጡ። ደንበኛ ተቀባይ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ለሽማግሌም ቢሆን፣ እውነቱን በዚያው ቀን ንገሩ።