ጤፍ ውስጥ የከረመው ላፕቶፕ

አዲስ ላፕቶፕ በወጣ ቁጥር ዩቲዩብ ላይ እየፈቱ የሚያሳዩትን ሰዎች አያለሁ። ጓንት አድርገው፣ ነጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ የጀርባውን ክዳን ያነሱና ውስጡን ያደንቃሉ። እውነትም ያምራል። ባትሪው ግማሹን ቦታ ይዞ ተዘርግቷል፤ ማራገቢያዎቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው የመዳብ ቱቦ አልፏል፤ ከሱ ሥር ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ማዘርቦርድ አለ። እኔ ግን ማድነቁን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የሚነቀል ነገር አለው?

ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ላፕቶፕና ስልክ የሚጠግን ሰው እንጀራው ያለው በሚነቀል ነገር ላይ ነው። ራሙ ሲበላሽ ነቅሎ መተካት፣ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ላይ መሰካት። ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚነቀለው እያነሰ፣ ሁሉም አንድ ቦርድ ላይ እየተበየደ መጣ። ቪዲዮውን እያየሁ ብቻዬን እሳደባለሁ።

"ማንን ነው የምትሰድበው?" ይለኛል ጎረቤቴ የባጃጅ ጠጋኙ።

"የማያውቀኝን ሰው" እለዋለሁ።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ከሶዶ ወጣ ብላ በዴሳ በምትባል ከተማ የሚያስተምር ወጣት መምህር። ዘማሪም ነበር። አሮጌ ላፕቶፑ የሞተበት ጊዜ ከእናቱ ጋር መጣ። ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ላይ ስሰካው መዝሙሮቹ አንድም ሳይጎድል ተገኙ። እናትየው ዲስኩን ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት።

"ይህች ትንሽ ሳጥን ናት ሁሉን የያዘችው?" አሉ።

"እሷ ናት፤ ሌላው ቀፎ ነው" አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ አዲስ ላፕቶፕ ላከለት። በዚያው ሰሞን የወጣ ነው፤ ሶዶ ውስጥ ማንም ፈትቶት አያውቅም። ሊያሳየኝ ይዞት ሲመጣ እጄን በላኝ። ክዳኑን ብቻ ላንሳው ብዬ ለመንኩት።

"ሲበላሽ ትፈታዋለህ" አለና ሳቀ።

በዚያ ላፕቶፕ ነው መዝሙሮቹን መቅዳት የጀመረው፤ በተከራያት ክፍል መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ብቻውን፣ በወላይትኛ። እስኪያልቅ ለማንም አላሰማም ብሎ ነበር። እናቱ እንኳ የሰሙት የአንዷን መዝሙር ግማሽ ነው፤ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቅሎ "ሌላው ሲያልቅ" አላቸው።

አላለቀም። በክረምት፣ ከበዴሳ በሞተር ሲመጣ፣ መንገዱን ሞልቶ የሚያልፈው ጅረት ሞተሩንም እሱንም ወሰደ። ነጂው ተረፈ። ልጁ ታች ተገኘ፤ ቦርሳው ከነላፕቶፑ ጀርባው ላይ ነበር። ስልኩ ግን እስከዛሬ አልተገኘም።

ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የእናትየውን እሪታ እየሰማሁ፣ ዓይኔ የቤታቸው በር ላይ ነበር። ላፕቶፑ እዚያ ውስጥ እርጥቡን እንደተቀመጠ ገምቻለሁ። ባትሪው ዛሬውኑ ካልተነቀለ ቦርዱን ይበላዋል። ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ዕቃ አይጠየቅም። ሬሳው ገና ሳይቀዘቅዝ ንብረቱን ጠየቀ ይባላል። ከሰው ጋር ተነስቼ ሄድኩ። እናትየውም ሐዘን የተቀመጡ ናቸውና ከደጃቸው አይወጡም።

ሐዘን ተነስተው በመጡ ጊዜ ላፕቶፑን በነጠላቸው ጠቅልለው አቅፈውት ነበር።

"ይሄ ላፕቶፕ ውሃ ገባባት" አሉ በአማርኛ። ከዚያ አማርኛው ከበዳቸውና በወላይትኛ ቀጠሉ። "ታ ናዓው፣ ልጄ፣ ያቺን ትንሿን ሳጥን አውጣልኝ። ሌላው ቀፎ ነው ብለኸኛል።"

"እስካሁን የት አስቀምጠውት ነበር፣ እናቴ?"

"ጤፍ ውስጥ። ውሃ የነካው ዕቃ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ይላሉ የሰፈሩ ልጆች። ሩዝ አልነበረኝም። በቆሎ ነበረኝ፤ ለልጄ ዕቃ በቆሎ አልሰጥም አልኩ። ለበዓል ያስቀመጥኩትን ጤፍ አወጣሁና ቀበርኩት።"

ነገ ይምጡ አልኳቸውና ካቻቢቴዬን አነሳሁ። ስንት ጊዜ የተመኘሁትን ክዳን አነሳሁት።

ጤፍ ነበር። በማራገቢያዎቹ ክንፎች መካከል፣ በባትሪው ዙሪያ፣ በመዳብ ቱቦው ሥር፣ በየስንጥቁ። ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ያ ብቻ አይደለም፤ በቅሏል። እርጥበቱን ይዞ፣ ሙቀቱን አግኝቶ፣ ከክር የቀጠነ ነጭ ቡቃያ አውጥቶ ቦርዱ ላይ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ክዳኑን መልሼ ልገጥመው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

በወረንጦና በብሩሽ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ሲጠራ ትንሿን ሳጥን ፈለግሁ። የለችም። ቦታዋም የለም። ከዋናው ቺፕ አጠገብ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ጥቁር ነገሮች ተበይደዋል፤ የልጁ ድምፅ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። እንዲሠሩ ቦርዱ በሕይወት መኖር አለበት። ቦርዱን ደግሞ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ያውም ክፉኛ የበላው ጤፉ በተከማቸበት ቦታ ነው። ጤፉ ውሃውን አልመጠጠም፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ አቅፎ ይዞታል። በመጀመሪያው ቀን እጄ ቢገባ ባትሪውን ነቅዬ፣ በአልኮል አጥቤ አድነው ነበር። ይህን ሳስበው ደሜ ፈላ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ለካሁ፣ ሙቀት ሰጠሁ። ምንም። ፎቶውን አዲስ አበባ ላለ፣ ከኔ የተሻለ መሣሪያ ላለው ወዳጄ ላክሁ። "ዋናው ቺፕ ሞቷል፤ ድምፁ ከሱ ጋር የተቆለፈ ነው፤ ያለ እሱ አይከፈትም፤ አትልፋ" አለኝ።

እናትየው ሲመጡ ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጤፉን ጠርጌ ጥያለሁ።

"ሳጥን የለውም፣ እናቴ። ይሄ አዲስ ነው። ሁሉም ተጣብቋል።"

ጎንበስ ብለው ጥቁሮቹን ነገሮች ለረጅም ጊዜ አዩ። በጣታቸው ጫፍ ነኳቸው።

"እዚህ ውስጥ ነው ያለው?"

"እዚያ ውስጥ ነው።"

"አይወጣም?"

"አይወጣም።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቁኝ።

"ጤፉ ነው እንዴ? እኔ ነኝ?"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁ። "ኧረ በፍጹም! ውሃው ነው። ጤፉማ ጥሩ ነው ያደረጉት፤ ትንሽ አቆይቶት ነበር እንጂ።"

ትንፋሻቸው ሲመለስ ሰማሁት። ላፕቶፑን ጠቅልለው፣ መርቀውኝ ሄዱ። አልተጸጸትኩም። የእናት አንጀት ላይ እንዲህ ያለ እውነት የሚያስቀምጥ ሰው ካለ እሱ ይንገራቸው።

ግን ወሬ እግር አለው። ትንሽ ቆይቶ ጤፍ የጎረሱ ስልኮች ይመጡልኝ ጀመር፤ ከሶዶም፣ ከበዴሳም። "ጠጋኙ ራሱ ጤፍ ጥሩ ነው ብሏል" ይላሉ። ያ ጠጋኝ እኔ ነኝ። "ጤፍ ውስጥ አትክተቱ፣ ቶሎ አምጡ!" እያልኩ እጮኻለሁ፤ ቁጡ ነው ይሉኛል እንጂ የሚሰማኝ የለም። ጠጋኙ ነው የነገረኝ የምትል እናት እያለች እኔን ማን ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ስልክ ከነጤፉ በፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ቀና ሳልል "ማነው እንዲህ ያደረገው?" ብዬ ጮኽኩ።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

እናትየው ናቸው። አጠገባቸው ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ቆማለች።

"ጎረቤቴ ናት። ባሏ አሁን በቅርቡ ነው ያረፈው። ድምፁም ፎቶውም እዚህ ነው ያለው። ውሃ ውስጥ ሲወድቅባት ወዲያው ወደ አንተ ልትሮጥ ነበር። 'ቆይ፣ አትቸኩይ' አልኳት። በገዛ እጄ ቀበርኩላት፤ ጤፉ ውሃውን እስኪጠጣው ድረስ እኔው ቤት አቆየሁላት።" ፊታቸው ላይ፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያላየሁት ነገር አለ። ኩራት ነው። "የኔው ጤፍ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው። ይሄኛው ይተርፋል፣ አይደል?"

ሴትየዋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ስልኩን አንስቼ ወደ መብራቱ አዞርኩት። ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ አንዲት የጤፍ ፍሬ ነጭ ቡቃያዋን አውጥታለች።