በእጇ የሰጠችው ደብተር

ልብስ ሰፊዋ ፊደል አልቆጠረችም። ታናሽ ወንድሟ ግን ደራሲ ነበር። ጠዋት ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ከስፌት መኪናዋ ማዶ ተቀምጦ ልብ ወለዱን ይጽፋል። ኳኳታው ሲበዛበት፣ «እቴቴ፣ ጀግናዬን በመርፌ ወግተሽ ልትገድዪው ነው?» ይላታል።

«ሳያገባ እንዳይሞትብህ!» ብላ ትስቃለች።

እሱ ራሱ አላገባም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓት ሠሪው ወዳጁ ሲመጣ ግን ፊቱ ይበራል። እሷ ከጓደኝነት ያለፈ ነገር አልጠረጠረችም፤ ወይም መጠርጠር አልፈለገችም። ወንድ ወንድን ቢወድ ሕጉ ያስራል።

ወሬ እግር አውጥቶ ተማሪ ቤቱ ደረሰ። አንድ ረፋድ፣ ወንድሟ በሌለበት፣ ድምፀ ለስላሳ መርማሪ በሯን አንኳኳ።

«እመቤቴ፣ ወንድምዎ በክፉ እየታማ ነው። ጨዋነቱን የሚያሳይ ጽሑፍ ቢሰጡኝ ይጠቅመዋል።»

የደብተሮቹን ክምር አገላብጣ፣ ብዙ የተጻፈበትን ወፍራሙን ደብተር መረጠች። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ በኩራት ሰጠችው።

ችሎት ላይ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ያንኑ ደብተር የዕቃ ዝርዝር እንደሚጠራ ሰው በደረቅ ድምፅ አነበበው። ወንድሟ ለአንድ ወንድ የጻፈው የፍቅር ቃል ነበር። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ለማን ነው የተጻፈው?» አሉ ዳኛው።

«ደብተሩ የእኔ ነው።»

«ለማን ነው ያልኩህ!»

ወንድሟ ስም ሳያወጣ አራት ዓመት ተፈረደበት። መጻሕፍቱም ከየመደብሩ ተለቀሙ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን መርገጥ ስትጀምር ያ ደረቅ ድምፅ ማንበብ ይጀምራል። እሷ ታቆማለች፤ እሱ አያቆምም።

ወንድሟ የተፈታው አጥንቱ ቀርቶ፣ ሳንባው ታሞ ነው። እግሩ ላይ ወደቀች። «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው!»

«አውቃለሁ» አላት። «ማንበብ ብትችዪ ኖሮስ፣ አትሰጪም ነበር?»

ተነስታ ትራሱን አስተካከለችለት። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም።

ሕመሙ ሲጠናበት፣ «እሱ ደህና ይሆን?» አለ። የማንን ደህንነት እንደሚጠይቅ ገብቷት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሳ፣ «ተሳስተዋል እትዬ፤ እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም» አላት። ይህን ሲል አንዲት ብሎን አምልጣው ወለሉ ላይ ተንከባለለች፤ ጎንበስ ብሎ አልፈለጋትም።

«አገኘሽው?» አለ ወንድሟ፣ ገና በሩን ስትከፍት።

«ሱቁ ተዘግቷል። አገር ለቋል አሉኝ።»

«እሰይ! ተርፏል ማለት ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ለቀብር የወጣው ሰው ሰባት አይሞላም። አፈሩ እስኪመለስ ድረስ እሷ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም፤ የመጣ ግን የለም።