መጋዘን ያለው ዘንዶ

"ዘንዶሽን አውጪው እንጂ!" አሉኝ ጋሼ ናስር፣ ካርዶቻቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

ዘንዶው እቤት ቁምሳጥን ውስጥ ነበር።

ጋሼ ናስር የመጋረጃ አከፋፋይ ናቸው። ይህን የካርድ ጨዋታ ከዱባይ ለልጆቻቸው አመጡ፤ ልጆቹ ሲሰለቻቸው እሳቸው ያዙት፤ ከዚያ ልክፍቱን ለእኛ ለገበያ ጎረቤቶቻቸውም አጋቡብን። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ሸማ ተራ እኔ ነጠላ የምሸጥበት ሱቅ ውስጥ እንጋጠማለን። ሁሉም የሚዋጋባቸውን ካርዶች ራሱ መርጦና ተለዋውጦ ነው የሚመጣው።

የእኔ ኩራት ዘንዶ የተሳለበት ትልቁ ካርድ ነው። ግን እስኪወጣ ብዙ ዙር ይፈጃል፤ እስከዚያ ጋሼ ዘንዶ የሚገድሉ ካርዶች ሰብስበው ይጠብቁኛል። ስንት ዓርብ ተሸነፍኩ!

ዛሬ ጠዋት በቃኝ አልኩ። ዘንዶውን አስቀርቼ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን ትንንሽ ወታደሮች ይዤ መጣሁ።

ከመጀመሪያው ዙር ጀምሬ አላስተነፈስኳቸውም። እሳቸው ዘንዶ የሚገድሉባቸውን ካርዶች አቅፈው ይጠብቃሉ። "ይምጣ ብቻ!" ይላሉ። ወታደሮቼ ሲጨርሷቸውም እንዳቀፉ ናቸው።

"የታለ ዘንዶው?"

"መጋዘን ነው፣ ጋሼ።"

(መርካቶ ገዝቶ የሚያውቅ ይገባዋል። ነጋዴ የሌለውን እቃ ስትጠይቁት "መጋዘን አለ፣ አንዴ ቁጭ በሉ" ነው የሚላችሁ። ጋሼ ናስር ደግሞ በዚህ የሚስተካከላቸው የለም።)

ለሚመጣው ዓርብ ይዤው ልምጣ አልምጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ማሸነፍ ግን አሸንፋለሁ።

እናንተስ፣ በእጃችሁ ያልነበረ ነገር አሸንፎላችሁ ያውቃል? እስቲ ከታች አውሩኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ አይጠይቁኝ። መጋዘን ነው ብያለሁ።