ማንም ማንንም አይቀስቅስ

ሰፈሩ «ቅጠሏ» ይላታል። ሠላሳ ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ካውያ ስትገፋ ኖራ የጎበጠ ወገቧን ያቃናላት ዮጋ ነው። ጡረታ ስትወጣ እሷም ማስተማር ጀመረች፤ በየጠዋቱ፣ በነፃ፣ መናፈሻው ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር። አዳራሽ እንስጥሽ ቢሏት ነፍስ ጣሪያ አትወድም ብላ እምቢ አለች። ግትር ናት፤ የያዘችውን አትለቅም።

ሕጓ አንድ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁሉም በጀርባው ተንጋሎ ሲያርፍ ማንም ማንንም አይቀሰቅስም። ነፃነት በሰዓት አይለካም፤ ዕረፍት የጠገበ ራሱ ይነሣል።

ታላቅ ወንድሟ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር ብሎት ከሰውነት ተራ ወጥቶ ነበር። ለምናም፣ ተቆጥታም፣ አልቅሳም አመጣችው። እፎይ ብሎ ሲያርፍ ከማየት በቀር ሌላ አልፈለገችም። እሱ ግን ይቀልድባታል።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ በአንድ እግርሽ ተገትረሽ ወፍ ጎጆ እንዳይሠራብሽ።»

ሲጋደሙም ዓይኑን አይከድንም፤ ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ጫማውን ያስራል።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሳይነሣ ቀረ። ሌሎቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ቅጠሏ አጠገቡ ቁጭ ብላ የተፈታ ፊቱን አየችና ደስ አላት። ሴት ልጁ ወደ ሥራ ስታልፍ ሰላም ልትለው መጣች።

«አባዬ» ብላ ጎንበስ ስትል ቅጠሏ እጇን ያዘቻት።

«ተይው የኔ ልጅ። ዛሬ ገና ማረፉ ነው።»

«ፊቱ አልገረጣም፣ አክስቴ?»

«የዛፉ ጥላ ነው። ሂጂ፣ እኔ አለሁ።»

ልጅቱ ሄደች። ቅጠሏ ዝንብ እየተከላከለችለት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀች። ፀሐይዋ ዞራ ፊቱ ላይ ስታርፍ፣ እንዳታቃጥለው ብላ በሻርፗ ልትሸፍነው ስትል እጁን ነካችው። ቀዝቅዟል።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮስ ብላ ቅጠሏ ስትጠይቀው፣ እንዲህ ነው ለማለት ይቸግራል አለ። ቁርጡን ቢነግራት ይሻላት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የወንድሟ ልጅ ቤቷ መጥታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ ያኔ ስጠራው ይሰማኝ ነበር?»

ቅጠሏ ስለ ነፍስና ስለ ዛፍ ቃል አያጥራትም ነበር።

«አላውቅም ልጄ» አለች። «ያኔ አልነካሁትም።»